ለገጠር እንጨት ሥራ ርካሹ ማሽን ወይስ ውዱ?

በገጠር ቀበሌዎችና በወረዳ ከተሞች የእንጨት ሥራ ከግብርናው ተነጥሎ የሚታይ ሙያ አይደለም። ገበሬው ያሳደገው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ተሰንጥቆ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የተማሪ መቀመጫና የንብ ቀፎ ሆኖ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ገበሬው መንደር ነው። ዛፉ በአጣናነት ሲሸጥ የሚያስገኘው ገቢና ተሰንጥቆ፣ ተልጎና ተገጣጥሞ ሲሸጥ የሚያስገኘው ገቢ እጅግ የተራራቀ መሆኑን አናጢ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሆነም የአናጢው የመሣሪያ ጉዳይ የገጠር ልማት ጉዳይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ኤሌክትሪክ በገባባቸው ቦታዎች አምስት ወይም አሥር ሆነው በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች፣ ለብቻቸው የሚሠሩ አናጢዎችም ጭምር፣ በእጅ መጋዝና በእጅ መላጊያ ሲሠሩት የቆየውን ሥራ በማሽን ለመሥራት ሲነሡ ከሁሉ በፊት የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው። በያዝነው ገንዘብ ርካሽ የሆኑ ብዙ ማሽኖችን እንግዛ ወይስ ጥቂት፣ ግን የታወቀ ስም ያላቸውን ውድ ማሽኖች? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የተሳሳተ መልስ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው። ማሽኑ ቢቆም ብድሩ አብሮት አይቆምም። በተለይም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲሰላ በብዙ ስለጨመረ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቶ መግዛት ከቀድሞው የከበደ ኪሳራ ሆኗል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በየሥራ ቤቱ የሚደመጡት አስተያየቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን፣ ማሽን ሁሉ ማሽን ነው፤ ሁሉም ይቆርጣል፤ በአንዱ ዋጋ አራት ከተገኘ አንዱ ቢበላሽ ሦስቱ ይሠራሉ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ርካሽ ዕቃ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተጠራቅሞም ቢሆን የታወቀውን መግዛት ነው ብሎ ይከራከራል። በእኔ እምነት ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ማሽኑ ዋጋ እንጂ ስለ ማሽኑ ሥራ አይደለም። ከዋጋው በፊት አራት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው። ማሽኑ በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል? የሚሠራው ሥራ ምን ያህል ልክ መጠበቅን ይፈልጋል? ቢበላሽ ማን በምን መለዋወጫ ይጠግነዋል? የሠራተኛውን እጅና ሳንባስ ምን ያህል ይጠብቃል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ለአንዱ ማሽን ርካሹን፣ ለሌላው ውዱን እንድንመርጥ ያደርገናል። ለሁሉም ማሽን፣ ለሁሉም አናጢ አንድ መልስ የለም።

የዋጋው ልዩነት የት ነው ያለው?

ሁለት በእጅ የሚያዙ ክብ መጋዞች ጎን ለጎን ተቀምጠው በሁለቱም ላይ 1,400 ዋት የሚል ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። ዋጋቸው ግን አንዱ የሌላው ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። ገዢው ይህን ሲያይ ለስም ብቻ ገንዘብ የሚጠየቅ ይመስለዋል። በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባን፣ የዋቱ ቁጥር ማሽኑ ከመስመሩ የሚስበውን ኀይል እንጂ ለምላጩ የሚያደርሰውን ኀይል የሚናገር አለመሆኑን ነው። ልዩነቱ ያለው ከላስቲኩ ሽፋን ሥር ነው። በርካሹ ውስጥ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከረው ብዙ ጊዜ በተራ የነሐስ ቀለበት ውስጥ ሲሆን በጥሩው ውስጥ በኩሽኔታ ላይ ነው። የሞተሩ ሽቦ ሽፋን ሙቀትን የመቋቋም ችሎታ፣ የጥርሶቹ ብረት ጥንካሬ፣ የማብሪያ ማጥፊያው አሠራር፣ አቧራ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የተደረገው ጥንቃቄ፣ ምላጩ የታሰረበት ዘንግ አለመወላወሉ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ነው ዋጋውን የሚለዩት።

ይህ ማለት ግን ርካሹን የሠራው ፋብሪካ ሰውን ለማታለል ሠራው ማለት አይደለም። ለሌላ ተጠቃሚ ስለሠራው ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ይኸው አንድ ኩባንያ ሥራው እንጨትና ግንባታ ለሆነ ባለሙያ የሚያወጣቸውን መሣሪያዎች ሰማያዊ፣ በቤቱ አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው የሚያወጣቸውን ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ይቀባቸዋል። አረንጓዴው ረከስ ይላል። ኩባንያው ራሱ ሁለት ዓይነት ገዢ እንዳለ አምኖ ሁለት ዓይነት ዕቃ ከሠራ፣ እኛም ከመግዛታችን በፊት ከሁለቱ ገዢዎች የትኛው እንደሆንን መለየት ይኖርብናል።

ሰዓቱን እንቁጠር

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሰው በአካባቢው ያገኘውን ዋጋ በቦታቸው ተክቶ ማስላት ይችላል። አንድ ርካሽ መጋዝ 6,000 ብር፣ አንድ ጥሩ መጋዝ 24,000 ብር ነው እንበል። ርካሹ እንጨት እየቆረጠ 200 ሰዓት፣ ጥሩው 1,200 ሰዓት ያገለግላል እንበል። ርካሹ ለአንድ ሰዓት ሥራ 30 ብር፣ ውዱ ደግሞ 20 ብር ያስወጣል ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ ውዱ ረከሰ።

ይሁን እንጂ ሂሳቡ በዚህ አያበቃም። አንድ ገበሬ አናጢ ክረምቱን በእርሻ፣ በጋውን ደግሞ ለጎረቤት በርና መስኮት በመሥራት የሚያሳልፍ ቢሆን፣ መጋዙ እንጨት የሚቆርጥበት ጊዜ በዓመት ተደምሮ 20 ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ለእሱ ርካሹ መጋዝ አሥር ዓመት የሚበቃ ነው። ውዱን ቢገዛ 18,000 ብሩ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይውላል። በዚያ ገንዘብ ጣውላ ገዝቶ ቢያደርቅ ወይም ለእርሻው ማዳበሪያ ቢገዛበት ይሻለዋል። እንዲህ ላለው ሰው ውድ ማሽን ግዛ ብሎ መምከር ጉዳት እንጂ እርዳታ አይደለም።

በሌላ በኩል የትምህርት ቤት መቀመጫ ወይም ቀፎ ለመሥራት ውል የተዋዋለ ማኅበር በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ቢሠራ 1,000 ሰዓት ይሆናል። ይህ ማኅበር በርካሹ ቢሠራ በዓመት አምስት መጋዝ ይጨርሳል፤ 30,000 ብር ማለት ነው። በጥሩው ቢሠራ በዓመቱ የሚደርስበት ወጪ 20,000 ብር ነው። ከ10,000 ብሩ ልዩነት የሚበልጠው ጉዳት ግን ማሽኑ የሚቆምባቸው አምስት ጊዜያት ናቸው። ማሽን የሚቆመው ሥራ በሌለበት ቀን አይደለም፤ ሥራ በተጣደፈበት፣ ውሉ ሊያልቅ ሦስት ቀን በቀረው ጊዜ ነው። በዚያን ቀን አምስት ወጣቶች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ወደ ዞን ከተማ ወይም ወደ መርካቶ ይላካል፤ የመኪናው፣ የምግቡና የአልጋው ወጪ በማሽኑ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ርካሹ ማሽን ውድ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ቀፎ ልክ ይፈልጋል

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራው ልክ ነው። የቤት አጥር በር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢዛነፍ ከብቱን ከመጠበቅ አያግደውም። ቀፎ ግን እንዲህ አይደለም። ላንግስትሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1852 የተመዘገበለት ተንቀሳቃሽ ፍሬም ያለው ቀፎ የተመሠረተው በአንድ ቀላል ሐቅ ላይ ነው። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያነት ክፍት አድርገው ይተውታል፤ ከዚያ የጠበበውን በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከዚያ የሰፋውን ሰፈፍ ይሠሩበታል። በፍሬሙና በቀፎው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ከዚህ ልክ ከወጣ ፍሬሙ ይጣበቃል፤ ገበሬው ቀፎውን ከፍቶ ማር ሊቆርጥ ሲሞክር ሰፈፉ ይሰበራል፤ ንቡም ይቆጣል። ቀፎው ዘመናዊ መሆኑ ይቀርና የተወደደ ሣጥን ይሆናል።

የሽግግር ቀፎ የሚባለውም ከዚህ አይለይም። ከላይ የሚደረደሩት ርብራብ እንጨቶች ለአፍሪካ ንብ የሚመከረው ስፋታቸው 32 ሚሊ ሜትር ነው። በቀፎው ላይ 28 ርብራብ የሚደረደር ቢሆንና መጋዙ በእያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስት፣ ስሕተቱ ተደምሮ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የአንድ ርብራብ ስፋት ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ርብራቡ ልኩን ሲስት ንቦች ሰፈፉን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግረው ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማንሣት አይቻልም። እንግዲህ የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ባሕላዊውን ቀፎ ለውጥ ብሎ አሳምኖ ከጨረሰ በኋላ፣ ሥራውን የሚያበላሽበት በአንድ ሥራ ቤት ውስጥ የተወላወለ የመጋዝ መምሪያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀፎ፣ የመስኮት ፍሬምና ተገጣጣሚ ዕቃ በብዛት የሚሠራ ማኅበር ገንዘቡን ከሁሉ አስቀድሞ ማዋል ያለበት በጠረጴዛ መጋዙ ላይ ነው። የጠረጴዛው ፊት ዝርግ መሆኑን፣ መምሪያው ሲጠብቅ ከምላጩ ጋር እኩል ርቀት ጠብቆ መቆሙን፣ ምላጩ ሲሽከረከር ወዲያና ወዲህ የማይል መሆኑን በማእዘንና በሜትር ለክቶ ሳያረጋግጥ ገንዘብ መክፈል የለበትም። ይህ ምርመራ ለውዱም ለርካሹም ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ምላጩን ነው። ለማሽኑ ብዙ ሺህ ብር የከፈለ ሰው ለምላጩ ጥቂት መቶ ብር ሲሳሳ ይታያል። የካርባይድ ጥርስ የተበየደበት ምላጭ ከተራው የብረት ምላጭ ይልቅ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ሲደነዝም ይሳላል። የደነዘ ምላጭ እንጨቱን ያቃጥላል፣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ሠራተኛውንም በኀይል እንዲገፋ ያስገድደዋል። በተለይ ባሕር ዛፍ ጠንካራና ሲደርቅ የሚጣመም እንጨት በመሆኑ ደካማ ምላጭን ቶሎ ይጨርሳል። በእኔ አስተያየት መካከለኛ ማሽን ከጥሩ ምላጭ ጋር፣ ውድ ማሽን ከመጥፎ ምላጭ ጋር ከሚሠራው የተሻለ ሥራ ይሠራል።

መስመሩም የማሽኑ አካል ነው

በገጠር ከተሞች ማሽን ተቃጠለ ሲባል ጥፋቱ ሁልጊዜ የማሽኑ አይደለም። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው ቢባልም በመስመሩ ጫፍ ላይ በሚገኙ ቀበሌዎች፣ በተለይ ወፍጮዎች በሚሠሩበት ሰዓት፣ ኀይሉ ይወርዳል። በጠረጴዛ መጋዝና በወፍጮ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ሞተር 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድበት የማዞር ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሠራተኛው ግን እንጨቱን እንደ ቀድሞው ይገፋል። ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ይህ ሲሆን ውዱም ማሽን አይተርፍም፤ ምናልባት ጥቂት ይዘገያል እንጂ።

ማስረዘሚያ ገመዱም እንዲሁ ነው። 8 አምፔር የሚስብ መጋዝ 30 ሜትር ርዝመትና 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ባለው የመዳብ ገመድ ቢሠራ፣ ገመዱ ብቻውን 11 ቮልት ያህል ይበላል። ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ግን የሚጠፋው ከ4 ቮልት ያነሰ ነው። ስለዚህ ውድ ማሽን ገዝቶ ከቀጭን ገመድ ጋር ማሠራት፣ ጥሩ በሬ ገዝቶ ገለባ እንደ መንፈግ ይቆጠራል። ማኅበራት የማሽን በጀት ሲይዙ የወፍራም ገመድ፣ የፊውዝና የመሬት ሽቦ ወጪ አብረው መያዝ አለባቸው።

መስመር ባልገባበት ቦታ በባትሪ የሚሠሩ መሣሪያዎች ጥሩ አማራጭ ሆነው መጥተዋል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሚሠራ፣ ከመንደር መንደር ለሚዞር አናጢ የባትሪ መብሻና ብሎን ማሰሪያ ሥራን ያቀላጥፋል። ይሁን እንጂ የአንዱ ኩባንያ ባትሪ በሌላው ማሽን ላይ አይገጥምም። ባትሪ ደግሞ ባይሠራበትም ያረጃል። ስለዚህ የባትሪ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ማሽኑን ብቻ አይደለም፤ ወደፊትም የዚያን ኩባንያ ባትሪ እያገኘ እንደሚኖር ተማምኖ ነው። ባትሪው በአካባቢው ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ ቢተወው ይሻላል።

ማን ይጠግነዋል?

ሦስተኛው ጥያቄ የጥገናው ነው። ማኪታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1915 በናጎያ ከተማ ሲቋቋም ሥራው የኤሌክትሪክ ሞተርና ትራንስፎርመር መሸጥና መጠገን ነበር። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መላጊያ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው ከ43 ዓመት በኋላ በ1958 ነው። ጥሩ መሣሪያ ከሌላው የሚለየው ተፈትቶ የሚገጠም፣ መለዋወጫውም በቁጥር ተዘርዝሮ የሚገኝ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ መለዋወጫው በአውሮፓ ወይም በጃፓን መገኘቱ ለወረዳ አናጢ አይጠቅመውም። ቢያንስ በክልሉ ዋና ከተማ ወይም በአዲስ አበባ መገኘት አለበት። አካባቢው ያለው ጠጋኝ የሚያውቀው መካከለኛ ማሽን፣ ማንም ከፍቶት ከማያውቀው ውድ ማሽን ይመረጣል።

ገዢው ሱቅ ውስጥ ሳለ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ቀላል ምርመራዎች አሉ። በመጀመሪያ የሞተሩ ካርቦን ከውጭ በብሎን ተከፍቶ የሚለወጥ መሆኑን ይመልከት፤ ባለሱቁ ትርፍ ካርቦን ካለውም አብሮ ይግዛ። ካርቦን የሚያልቅ ነገር ስለሆነ በጊዜው ካልተለወጠ ሞተሩን ይዞ ይሞታል። ቀጥሎም ኩሽኔታው 608 ወይም 6201 እንደሚሉት ያለ የተለመደ ቁጥር ያለው መሆኑን ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለው ኩሽኔታ በማንኛውም ጥሩ የኩሽኔታ መደብር ይገኛል። ከዚያም ማሽኑን ሰክቶ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ያሽከርክረው፤ የሚቃጠል ሽታ፣ ከልክ ያለፈ ብልጭታ ወይም የሚንቀጠቀጥ ዘንግ ካየ ይመልሰው።

የታወቀ ስም የተለጠፈበት ሁሉ የዚያ ኩባንያ ሥራ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በታወቁ ስሞች የተመሳሰሉ ሐሰተኛ መሣሪያዎች በዓለም ገበያ ሁሉ ይዘዋወራሉ። ሐሰተኛውን የገዛ ሰው ከሁለቱም ወገን ተጎጂ ነው፤ የውዱን ዋጋ ከፍሎ የርካሹን ዕድሜ ያገኛል። ስለዚህ የውድ ማሽን ዋጋ በአንድ ሱቅ ብቻ በግማሽ ረክሶ ቢገኝ ሊያስደስት ሳይሆን ሊያጠራጥር ይገባል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ የታወቀ ስም ከመግዛት ይልቅ፣ በራሱ ስም የሚሸጥ መካከለኛ ዕቃ ዋስትና ከሚሰጥ ነጋዴ መግዛት ይሻላል።

እጅ መለዋወጫ የለውም

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። በማሽን ሌላ ቦታ መቆጠብ ይቻል ይሆናል፤ በመከላከያው ላይ ግን መቆጠብ አይቻልም። የጠረጴዛ መጋዝ ከምላጩ ኋላ የቆመ ቀጭን ብረት ሊኖረው ይገባል። ይህ ብረት የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ገጥሞ ምላጩን እንዳይቆነጥጥና እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ተስፈንጥሮ እንዳይመለስ የሚያደርግ ነው። ከምላጩ በላይ ያለውም ሽፋን እንዲሁ አስፈላጊ ነው። በርካሽ ማሽኖች ላይ እነዚህ ሁለቱ ወይ የሉም፣ ወይ ሥራ ስለሚያስቸግሩ ተፈትተው ጥግ ይጣላሉ። እነዚህ የሌሉትን ማሽን በነፃ ቢሰጡንም ውድ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን መጋዝ መግዣ ሲያጥር ለብረት ሥራ የተሠራውን ግራይንደር የእንጨት ምላጭ አስሮ መጠቀም ነው። ትንሹ ግራይንደር ባዶውን በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ ግን በደቂቃ 5,000 አካባቢ ነው። ጥርስ ያለው ምላጭ በዚያ ፍጥነት እንጨት ውስጥ ሲይዘው ማሽኑ ከእጅ ይፈናጠራል። በዚህ ምክንያት ጣት፣ እጅ፣ ፊት ይጠፋል። ይህን ቁጠባ ነው ማለት አይቻልም። በእጅ መጋዝ ለሌላ ስድስት ወር ቢሠራ ይሻላል።

አቧራውም ሊናቅ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ጥሩ ማሽኖች የአቧራ መሳቢያ ቱቦ የሚገጠምበት አፍ አላቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም። ይህ ባይኖር እንኳ ሥራ ቤቱን ክፍት ማድረግና አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ አይደለም።

ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይደልደል?

ከላይ የተዘረዘረውን ወደ ተግባር ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል። አንድ አዲስ ማኅበር ያለውን ገንዘብ ለሁሉም ማሽን እኩል አይከፋፍለው። ሥራው ሁሉ የሚያልፍባቸውን ሁለት ማሽኖች፣ ማለትም የጠረጴዛ መጋዙንና መላጊያውን፣ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ጥሩ አድርጎ ይግዛ። ምላጩ ከነትርፉ ይሁን። መብሻ፣ ጂግሶ፣ ማለስለሻ የመሳሰሉትን አልፎ አልፎ የሚነሡ መሣሪያዎች በርካሹ ይጀምር። ከርካሾቹ መካከል ከሥራ ብዛት የተነሣ የተበላሸ ካለ፣ ያ ማሽን በሥራ ቤቱ ውስጥ በእውነት የሚፈለግ መሆኑን ራሱ መስክሯል ማለት ነው፤ በቦታው ጥሩው ይተካ። ሳይበላሽ የኖረው ርካሽ ደግሞ በቂ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ከብዙ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ጠረጴዛቸው ከቀለጠ ብረት የፈሰሰ ከባድ አሮጌ ማሽኖች አንዳንድ ጊዜ ከሚዘጉ ሥራ ቤቶች በጨረታ ይሸጣሉ። ሞተራቸው ቢቃጠል ሽቦው በአገር ውስጥ ባለሙያ እንደገና ይጠቀለላል፤ ኩሽኔታቸው ይለወጣል። ጠረጴዛው ያልተሰነጠቀ፣ ዘንጉም ያልተጣመመ ከሆነ እንዲህ ያለው አሮጌ ማሽን ከአዲሱ ርካሽ ማሽን ሊመረጥ ይችላል። ነገር ግን የሚያውቅ ባለሙያ ይዞ ሄዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። መከላከያው ከጎደለውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሠራለት።

ለብቻው ለሚሠራው አናጢ ደግሞ የሚበጀው መተባበር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አራት አናጢዎች አራት ደካማ የጠረጴዛ መጋዝ ከሚገዙ አንድ ጥሩ መጋዝ በጋራ ገዝተው በተራ ቢሰነጥቁበት ሁሉም ይጠቀማሉ። ማሽንን በኪራይ መልክ ሰጥተው ዋጋውን ቀስ በቀስ የሚያስከፍሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም በአገራችን አሉ። በጋራ ሲገዛ ግን ካርቦን የሚለውጠው፣ ምላጭ የሚያስለው፣ ቁልፉን የሚይዘው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። የሁሉም የሆነ ማሽን የማንም ሳይሆን ቀርቶ እንዳይበላሽ ጥንቃቄ ይደረግ።

ለገዢ መሥሪያ ቤቶች

በመጨረሻም ለተደራጁ ወጣቶች ማሽን የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችና በጎ አድራጊ ድርጅቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የጨረታ ሰነድ መጋዝ አንድ፣ መላጊያ አንድ፣ መብሻ አንድ ብሎ ብቻ ከጻፈ የሚያሸንፈው ዝቅተኛው ዋጋ ነው። ለዚህ ነጋዴውን መውቀስ አይቻልም፤ የተጠየቀውን አቅርቧል። ሰነዱ በቀን የሚሠራበትን ሰዓት፣ የኩሽኔታውን ዓይነት፣ የምላጩን ጥርስ፣ መከላከያው መኖሩን፣ የአንድ ዓመት ካርቦንና መለዋወጫ አብሮ መቅረቡን፣ ጥገናው በየትኛው ከተማ እንደሚሰጥ ከዘረዘረ ግን ውድድሩ በእኩያዎች መካከል ይሆናል። ሰነዱ ሲዘጋጅ ማሽኑን የሚጠቀሙት ወጣቶችና በአካባቢው ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አስተማሪ ቢጠየቁ ወጪ የለውም። ርክክቡም ፎቶግራፍ በማንሣት ብቻ ሳይሆን ማሽኑ እንጨት ቆርጦ፣ የቆረጠው ተለክቶ ቢፈጸም ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ የተገዛ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳጣው የገንዘቡን ባለቤት አይደለም፤ ብድሩን የሚከፍለውን ወጣት ነው።

የልማት ሠራተኞችም ድርሻ አለን። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የምንመክረውን ያህል፣ ቀፎ የሚሠራውን ማኅበር ሄደን በምን ማሽን፣ በምን ልክ እንደሚሠራ ብናይ፣ ሜትርና ማእዘን ይዘን አንድ ቀፎ ለክተን ብንመለስ፣ ለገበሬው የምናደርሰው ቀፎ ንብ የሚገባበትና ማር የሚቆረጥበት ይሆናል። አናጢውም ማሽን ሲገዛ ባለሱቁን ዋጋው ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ይህ ማሽን በእኔ ሥራ ቤት ስንት ሰዓት ይሠራል ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ርካሹንም ገዛ ውዱን፣ ገንዘቡ አይባክንበትም።